የኮሌጅ ፉትቦል ኮንፈረንሶች የትኛውን ዩኒቨርሲቲ ቢያስገቡ ይጠቀማሉ? የንጽጽር መመሪያ

በአሜሪካ የኮሌጅ ፉትቦል (ኳሱ በእጅ እየተያዘ የሚካሄደው የአሜሪካውያን ጨዋታ እንጂ እግር ኳስ አይደለም) አንድ ዩኒቨርሲቲ ከእነማን ጋር እንደሚጫወት፣ ጨዋታው በየትኛው ጣቢያ እንደሚተላለፍና በዓመት ስንት ሚሊዮን ዶላር እንደሚያገኝ በአብዛኛው የሚወስነው የታቀፈበት ኮንፈረንስ ነው። ኮንፈረንሶች የጨዋታ መርሐ ግብር በጋራ የሚያወጡ፣ የቴሌቪዥን መብታቸውን በአንድነት የሚሸጡና ገቢውን የሚካፈሉ የዩኒቨርሲቲዎች ማኅበራት ናቸው። ከ2010 ወዲህ እነዚህ ማኅበራት አባል በመነጣጠቅ የቆየውን አሰላለፍ ከሥሩ ለውጠውታል። ከመቶ ዓመት በላይ ታሪክ የነበረው የምዕራብ ዳርቻው ፓክ ቱዌልቭ በ2024 አሥር አባላቱን አጥቶ ኦሪገን ስቴትንና ዋሽንግተን ስቴትን ብቻ ይዞ ሲቀር፣ ቢግ ቴን 18፣ ኤስ.ኢ.ሲ. እና ቢግ ቱዌልቭ እያንዳንዳቸው 16፣ ኤ.ሲ.ሲ. ደግሞ በፉትቦል 17 አባላት ይዘዋል። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጉዳዩ በአሜሪካ ለሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪ ቤተሰቦችም ሩቅ አይደለም። ለሲልቨር ስፕሪንግ ነዋሪዎች ቅርብ የሆነው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ በ2014፣ የሲያትሉ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲና የዳላሱ ሳውዘርን ሜተዲስት በ2024 ኮንፈረንስ ቀይረዋል። ልጁን በእነዚህ ትምህርት ቤቶች የሚያስተምር ወላጅም ሆነ ቅዳሜ ከሰዓት ቴሌቪዥን ከፍቶ የሚመለከት ሰው ቀጥሎ ማን ሊገባ ይችላል የሚለውን ጥያቄ በየጊዜው ይሰማል። የሚሰማው መልስ ግን ብዙውን ጊዜ ከደጋፊነት የሚመነጭ ነው። ከዚህ በታች የቀረበው ማነጻጸሪያ አንድ ዩኒቨርሲቲ ለአንድ ኮንፈረንስ ተመራጭ መሆን አለመሆኑ በምን እንደሚመዘን፣ ዛሬ በስም የሚነሡት ትምህርት ቤቶችም በዚያ ሚዛን እንዴት እንደሚታዩ ለማስረዳት የታሰበ ነው።

ከጠቅላላ ገቢው በፊት ድርሻው ይታይ

የዛሬው ግብግብ መነሻ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1984 የሰጠው ውሳኔ ነው። እስከዚያ ድረስ አንድ ቡድን ስንት ጊዜ በቴሌቪዥን እንደሚታይ የሚወስነው የኮሌጅ ስፖርት የበላይ አካል የሆነው ኤን.ሲ.ኤ.ኤ. ነበር። የኦክላሆማና የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲዎች ከስሰው ፍርድ ቤቱ 7 ለ 2 በሆነ ድምፅ አሠራሩ የንግድ ውድድር ሕግን ይጥሳል ብሎ ፈረደ። ከዚያ በኋላ መብቱን ኮንፈረንሶች ራሳቸው መሸጥ ጀመሩ። የሚሸጡት ነገር በእጃቸው ከገባ ደግሞ ዋጋውን ከፍ የሚያደርግላቸውን አባል መፈለጋቸው አልቀረም።

በዚህ ላይ በጣም የተለመደው ስሕተት አዲሱ አባል የኮንፈረንሱን ጠቅላላ ገቢ መጨመሩን አይቶ መግባቱ ጠቃሚ ነው ብሎ መደምደም ነው። ስሌቱን በምሳሌ እንየው። 18 አባላት ያሉት ኮንፈረንስ ለእያንዳንዱ 70 ሚሊዮን ዶላር ያከፋፍላል እንበል፤ ጠቅላላው 1 ቢሊዮን 260 ሚሊዮን ይሆናል። አሥራ ዘጠነኛው አባል ገብቶ የቴሌቪዥን ጣቢያዎቹ ስለ እርሱ 50 ሚሊዮን ቢጨምሩ ጠቅላላው ወደ 1 ቢሊዮን 310 ሚሊዮን ያድጋል፤ ለ19 ሲካፈል ግን ለእያንዳንዱ የሚደርሰው 69 ሚሊዮን እንኳ አይሞላም። እንጀራው ሰፍቶ ቆራሹ ከበዛ ነባሩ ቤተሰብ የሚደርሰው ያንሳል። በመሆኑም አንድ ዩኒቨርሲቲ በሙሉ ድርሻ ሊገባ የሚችለው ቢያንስ የነባሮቹን አማካይ ድርሻ ይዞ ሲመጣ ብቻ ነው። በቢግ ቴንና በኤስ.ኢ.ሲ. ደረጃ ይህን መስፈርት የሚያሟሉ ትምህርት ቤቶች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

ይሁንና ሙሉ ድርሻ ብቸኛው አማራጭ አይደለም፤ ንጽጽሩንም ውስብስብና አስደሳች የሚያደርገው ይኸው ነው። ኦሪገንና ዋሽንግተን በ2024 ወደ ቢግ ቴን የገቡት ከነባሮቹ ግማሽ ገደማ በሆነ፣ በዓመት 30 ሚሊዮን ዶላር አካባቢ በሚጀምር ድርሻ ነው። ስታንፎርድና የካሊፎርኒያው በርክሊ ወደ ኤ.ሲ.ሲ. ሲገቡ ለሰባት ዓመታት ከቴሌቪዥን ገቢው ከሙሉ ድርሻ 30 በመቶውን ብቻ ለመውሰድ ተስማምተዋል። በሌላ በኩል ቢግ ቱዌልቭ በ2022 ከኢ.ኤስ.ፒ.ኤን. እና ከፎክስ ጋር በተዋዋለበት ወቅት ከታላላቆቹ ኮንፈረንሶች አባል ቢያስመጣ ጣቢያዎቹ ለአዲሱ አባል ተመጣጣኝ ክፍያ እንዲጨምሩ የሚያደርግ አንቀጽ ስላስገባ፣ በ2023 ኮሎራዶን፣ አሪዞናን፣ አሪዞና ስቴትንና ዩታን ሲቀበል ነባር አባላቱ ሊጎዱ የሚችሉበት ዕድል ጠባብ ነበር። ስለዚህ ስለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ሲነገር «ይጠቅማል ወይ?» ብሎ ከመጠየቅ «በስንት ድርሻ ቢገባ ይጠቅማል?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

የሳውዘርን ሜተዲስት ታሪክ ለዚህ የተሻለ ማስረጃ ስለሆነ ጠጋ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ዩኒቨርሲቲው ለተጫዋቾች በስውር ገንዘብ ሲከፈል በተደጋጋሚ በመያዙ በ1987 የፉትቦል ቡድኑ ለሙሉ ዓመት ታገደ፤ ያቀፈው ሳውዝዌስት ኮንፈረንስ በ1996 ሲፈርስም ቴክሳስ፣ ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም፣ ቴክሳስ ቴክና ቤይለር ወደ አዲሱ ቢግ ቱዌልቭ ሲሻገሩ እርሱ ከታላላቆቹ ውጭ ቀረ። በ2023 ኤ.ሲ.ሲ. በሩን ሲከፍትለት ለዘጠኝ ዓመታት ከኮንፈረንሱ የቴሌቪዥን ገቢ ምንም እንዳይከፈለው ተስማማ። ይህን የቻለው ባለጸጋ ደጋፊዎች ስላሉት ነው፤ በጥሪው ማግሥት በአንድ ሳምንት ውስጥ 100 ሚሊዮን ዶላር ሰብስበዋል። በ2024 በመጀመሪያ ዓመቱ በኮንፈረንሱ ያደረጋቸውን ስምንት መደበኛ ጨዋታዎች ሁሉ አሸንፎ ለፍጻሜ ደረሰ። በክሌምሰን 34 ለ 31 የተሸነፈውም ሰዓቱ ሲያልቅ ከ56 ያርድ በተመታ ኳስ ነበር። ለብሔራዊው የጥሎ ማለፍ ውድድርም ተመርጦ በፔን ስቴት 38 ለ 10 ተረታ። ለኤ.ሲ.ሲ. ነባር አባላት ከዚህ የረከሰ አባል ሊገኝ አይችልም ነበር። በእኔ ግምት ከ2021 ወዲህ ከተደረጉት ዝውውሮች ሁሉ ለተቀባዩ ኮንፈረንስ በወጪና በገቢ ሲሰላ በጣም የተሳካው ይህ ነው።

ከተማው ወይስ ስሙ?

ከ2010 እስከ 2014 በነበሩት ዝውውሮች ዋናው መለኪያ የአካባቢው ሕዝብ ብዛት ነበር። ቢግ ቴን በ2007 የራሱን የቴሌቪዥን ጣቢያ ከከፈተ በኋላ የኬብል ድርጅቶች ስለ እያንዳንዱ ደንበኛ የሚከፍሉት ወርሃዊ ዋጋ ኮንፈረንሱ አባል ባለው ግዛት ከፍተኛ፣ አባል በሌለው ደግሞ በጣም አነስተኛ ነበር። ራትገርስ በኒው ጀርሲና በኒው ዮርክ ዙሪያ፣ ሜሪላንድ በባልቲሞርና በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ ያሉትን በሚሊዮን የሚቆጠሩ ቤቶች ከዝቅተኛው ወደ ከፍተኛው ዋጋ ስለሚያሻግሩ በ2014 ገቡ። ቤተሰቡ ጨዋታውን አየውም አላየው ክፍያው አይቀርም ነበር።

ያ ዘመን አልፏል። ቤተሰቦች ኬብላቸውን እያቋረጡ በኢንተርኔት ወደሚቀርቡ አገልግሎቶች ሲዞሩ፣ ማንም የማያየው ጨዋታ በብዙ ሕዝብ መካከል ስለተካሄደ ብቻ ገንዘብ ማምጣቱ ቀርቷል። ራትገርስ ለኒው ዮርክ ቅርብ ሆኖ ሳለ ወደ ቢግ ቴን ከገባ ወዲህ በኮንፈረንሱ ጨዋታዎች ድሉ ከሽንፈቱ የበለጠበት አንድም ዓመት የለም፤ ከተማዋም ለኮሌጅ ፉትቦል ያላት ፍቅር ከፍ አላለም። በአንጻሩ የኦሪገን ዩኒቨርሲቲ የሚገኝበት ግዛት ሕዝብ ከአራት ሚሊዮን ብዙም አይበልጥም፤ ቡድኑ ግን በመላ አገሪቱ ይታያል፤ በ2024 በመጀመሪያ ዓመቱም ፔን ስቴትን 45 ለ 37 አሸንፎ የቢግ ቴን ሻምፒዮን ሆኗል። ነብራስካ ደግሞ ሁለት ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ያለው ግዛት ነው። በ2011 ቢግ ቴንን ከተቀላቀለ ወዲህ የኮንፈረንሱን ዋንጫ አንድ ጊዜ እንኳ አላነሣም፤ ሆኖም ከ1962 ጀምሮ የስታዲየሙ ትኬት ተሸጦ ያላለቀበት ጨዋታ የለም። ተሸንፎም የሚታይ ቡድን አለ፤ አሸንፎም የማይታይ አለ። ጣቢያዎቹ የሚከፍሉት ለመጀመሪያው ነው።

ስለዚህ ዛሬ መቅደም ያለበት ጥያቄ ቡድኑ በዓመት ስንት ጊዜ ከአራት ሚሊዮን በላይ ተመልካች እንደሚያገኝና ይህን ቁጥር ያመጣው ራሱ ነው ወይስ ተጋጣሚው የሚለው ነው። ከታላቅ ቡድን ጋር የሚጫወት ሁሉ በዚያ ቀን ብዙ ሰው ያየዋል፤ የራሱ ክብደት የሚታወቀው ከመካከለኛ ተጋጣሚ ጋር ሲጫወት ነው። ኤ.ሲ.ሲ. ራሱ ይህን ሚዛን በውል አጽድቆታል። በማርች 2025 ከስሰውት ከነበሩት ከፍሎሪዳ ስቴትና ከክሌምሰን ጋር ባደረገው ዕርቅ ከቴሌቪዥን ገቢው 40 በመቶው ለሁሉም እኩል እንዲከፋፈል፣ 60 በመቶው ደግሞ የአምስት ዓመት የተመልካች አማካይ እየታየ እንዲሰጥ ተስማምቷል።

ከገንዘቡ ሌላ

ወደ ኮንፈረንስ መግባትን የሚያጸድቁት የዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንቶች ስለሆኑ የትምህርት ደረጃ ቦታ አለው፤ በተለይ በቢግ ቴን። ከነብራስካ በስተቀር አባላቱ በሙሉ የታወቁት የምርምር ዩኒቨርሲቲዎች የሚታቀፉበት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ማኅበር አባላት ናቸው፤ ነብራስካም ቢሆን ለቢግ ቴን ሲመረጥ አባል ነበር፣ ከማኅበሩ የተሰናበተው በ2011 ነው። ኤስ.ኢ.ሲ. ይህን እንደ ቅድመ ሁኔታ አያየውም። እኔ ይህ መስፈርት ሁለት ተቀራራቢ ዕጩዎችን ለመለየት የሚረዳ እንጂ ብቻውን በር የሚከፍት ነው ብዬ አላምንም፤ ስታንፎርድና በርክሊ በ2023 ቢግ ቴን ሳይጠራቸው መቅረቱ በቂ ማረጋገጫ ነው።

ርቀቱ ግን ከሚገባው በታች ተመዝኗል። የሎስ አንጀለሱ ዩ.ሲ.ኤል.ኤ. ከራትገርስ ጋር ለመጫወት ወደ 4 ሺህ ኪሎ ሜትር ይጓዛል። የፉትቦል ቡድን በዓመት 12 ያህል መደበኛ ጨዋታ ያደርጋል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ይጫወታል፣ በኪራይ አውሮፕላን ሄዶ ይመለሳል። የመረብ ኳስ፣ የሶፍትቦልና የእግር ኳስ ተጫዋቾች ግን በሥራ ቀናት ሳይቀር ሦስት የሰዓት ክልል አቋርጠው ይሄዳሉ፤ ፈተናቸውንም የቤት ሥራቸውንም የሚሠሩት በአውሮፕላን ማረፊያ ነው። በየትራኩ ላይ ለሚሮጡ ልጆች ጫናው ቀለል ይላል፤ ምክንያቱም አትሌቲክስና አገር አቋራጭ በየሳምንቱ ከኮንፈረንስ ባላጋራ ጋር መገናኘትን አይጠይቁም፣ የኮንፈረንሱ ሻምፒዮና ሲደርስ ብቻ አንድ ላይ ይሰበሰባሉ። የገንዘብ ጉዳቱም ለዩኒቨርሲቲው ብቻ አይቀርም፤ ዩ.ሲ.ኤል.ኤ. በመልቀቁ በርክሊ የደረሰበትን ጉዳት ለማካካስ የሁለቱም የበላይ የሆነው ቦርድ ዩ.ሲ.ኤል.ኤ. በዓመት 10 ሚሊዮን ዶላር ለበርክሊ እንዲከፍል ወስኗል። ሩቅ አባል የሚያመጣው ገቢ ሲሰላ የጉዞው፣ የመኝታውና የተማሪዎቹ ድካም ከላዩ መቀነስ አለበት፤ ተማሪዎቹ ወደ ዩኒቨርሲቲ የመጡት ለመማር ነውና ይህን ወጪ እንደ ጥቃቅን ነገር መቁጠር ተገቢ አይደለም።

ሌላው የመውጫ ክፍያ ነው። ሜሪላንድ ከኤ.ሲ.ሲ. ሲወጣ በዕርቅ 31.4 ሚሊዮን ዶላር ከፍሏል፤ ቴክሳስና ኦክላሆማ ከቢግ ቱዌልቭ አንድ ዓመት ቀድመው በ2024 ለመልቀቅ በጋራ 100 ሚሊዮን ዶላር ሰጥተዋል፤ ዩ.ኤስ.ሲ. (የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ) እና ዩ.ሲ.ኤል.ኤ. ግን የፓክ ቱዌልቭ የቴሌቪዥን ውል እስኪያልቅ ስለጠበቁ እንዲህ ያለ ሸክም አልነበረባቸውም። በኤ.ሲ.ሲ. አባላቱ የቴሌቪዥን መብታቸውን እስከ 2036 ለኮንፈረንሱ ስላስተላለፉ ለረጅም ጊዜ መውጣት የማይታሰብ ነበር። በ2025ቱ ዕርቅ ግን የመውጫው ክፍያ በ2026 ከነበረበት 165 ሚሊዮን ዶላር በየዓመቱ እየቀነሰ በ2030–31 ወደ 75 ሚሊዮን እንዲወርድ፣ የወጣውም ዩኒቨርሲቲ መብቱን ይዞ እንዲሄድ ሆኗል። የቢግ ቴን ውል በ2030፣ የቢግ ቱዌልቭ ደግሞ በ2031 ያበቃሉ። ቀጣዩ ትልቅ ዝውውር መቼ ሊሆን ይችላል ብሎ ለሚጠይቅ ሰው መልሱ በእነዚህ ቀኖች መገጣጠም ውስጥ አለ።

በዚህ ሁሉ ላይ ዳኛ ክላውዲያ ዊልከን በጁን 2025 ያጸደቁት ስምምነት ተጨምሯል። ዩኒቨርሲቲዎች ለስፖርተኞቻቸው በመጀመሪያው ዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር በቀጥታ መክፈል ስለተፈቀደላቸው፣ አነስተኛ ድርሻ ተቀብሎ የሚገባ ትምህርት ቤት ከሙሉ ባለድርሻዎቹ ጋር ተጫዋች መሻማት ይከብደዋል። ግማሽ ድርሻ ጥሩ የሚሆነው ልዩነቱን የሚሸፍን ደጋፊ ላለው ብቻ ነው፤ ኦሪገን የናይኪ መሥራች ፊል ናይት፣ ሳውዘርን ሜተዲስት የዳላስ ባለሀብቶች አሏቸው።

ስማቸው የሚነሣው ዕጩዎች

ኖትር ዳም ከሁሉም በላይ ነው፤ በዚህ ላይ ክርክር ያለ አይመስለኝም። በፉትቦል የማንም ኮንፈረንስ አባል አይደለም፤ ከ1991 ጀምሮ የሜዳውን ጨዋታዎች የሚያስተላልፈው ኤን.ቢ.ሲ. ሲሆን ውሉም እስከ 2029 ታድሷል። በ2024 የውድድር ዘመን ለብሔራዊው ፍጻሜ ደርሶ በኦሃዮ ስቴት 34 ለ 23 ተሸንፏል፤ ስታዲየሙ ከ77 ሺህ በላይ ሰው ይይዛል፤ በ2023ም የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ማኅበር አባል ሆኗል። ለቢግ ቴን በተለይ የሚስማማው ሳውዝ ቤንድ፣ ኢንዲያና፣ በኮንፈረንሱ እምብርት ስለሚገኝና የቆዩ ባላጋራዎቹ ዩ.ኤስ.ሲ.፣ ሚሺጋን፣ ሚሺጋን ስቴትና ፐርዱ ሁሉም አሁን የቢግ ቴን አባላት ስለሆኑ ነው። ነባር አባላት ድርሻቸው ሳይነካ ሊያስገቡት የሚችሉት ትምህርት ቤት ምናልባት ይህ ብቻ ነው። እንቅፋቱ ሁለት ነው፦ አንደኛው በሌሎች ስፖርቶች የኤ.ሲ.ሲ. አባል ስለሆነ እስከ 2036 ባለው ጊዜ በፉትቦል ኮንፈረንስ ከገባ ኤ.ሲ.ሲ. እንዲሆን በውል መታሰሩ ነው፤ ሁለተኛውና ትልቁ ግን አለመፈለጉ ነው። የራሱን መብት ራሱ ሸጦ፣ ገቢውን ለማንም ሳያካፍል ለዋንጫ መፎካከር እስከቻለ ድረስ ነጻነቱን የሚለውጥበት ምክንያት አይታይም።

ከእርሱ ቀጥሎ ያለው ደረጃ የሚያከራክረው ነው። የሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ በቻፕል ሂልና የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ቢግ ቴንም ሆነ ኤስ.ኢ.ሲ. አንድም አባል በሌላቸው ሁለት ግዛቶች ይገኛሉ፤ በ2020 ቆጠራ የመጀመሪያው 10.4፣ ሁለተኛው 8.6 ሚሊዮን ሕዝብ ነበረው። ሁለቱም በምርምር ስመ ጥር ናቸው፤ ቻፕል ሂል ደግሞ ስድስት የኤን.ሲ.ኤ.ኤ. የቅርጫት ኳስ ዋንጫ አለው። በፉትቦል ግን ኬናን ስታዲየም 50 ሺህ ያህል ሰው ብቻ የሚይዝ ሲሆን ቡድኑ የኤ.ሲ.ሲ.ን ዋንጫ ለመጨረሻ ጊዜ ያነሣው በ1980 ነው፤ ስመ ጥሩን አሠልጣኝ ቢል ቤሊቺክን ቀጥሮ በ2025 የመጀመሪያውን ዓመት በ4 ድልና በ8 ሽንፈት ጨርሷል። ቻፕል ሂልን በአንደኝነት የሚያስቀምጡ ሰዎች በአብዛኛው የሚያስቡት በ2014ቱ ስሌት ነው። አዲስ ግዛት መያዝ ዋጋው ቢቀንስም ፈጽሞ አልጠፋም፤ ከፍተኛ ተጫዋቾች የሚፈልቁበት አካባቢ መሆኑና ለትምህርት ጥራት የሚሰጠው ክብር ተጨምሮ ለቢግ ቴን ጥሩ ምርጫ ያደርገዋል። ሆኖም እንደ ኦሪገን በከፊል ድርሻ እንጂ በሙሉ ድርሻ ሊገባ አይገባም እላለሁ። ቨርጂኒያ ከቻፕል ሂል ጋር ሲጣመር እንጂ ለብቻው ሲቀርብ ክብደቱ ያንሳል።

ፍሎሪዳ ስቴትና ክሌምሰን ተቃራኒውን መልክ ያሳያሉ። የመጀመሪያው በ1993፣ በ1999 እና በ2013፣ ሁለተኛው በ1981፣ በ2016 እና በ2018 ብሔራዊ ሻምፒዮን ሆነዋል፤ ስታዲየማቸው ሰፊ፣ ተመልካቻቸው ብዙ ነው። ፍሎሪዳ ስቴት በ2023 ያደረጋቸውን 13 ጨዋታዎች ሁሉ አሸንፎ የኤ.ሲ.ሲ.ን ዋንጫ ወስዶ ሳለ ከአራቱ የጥሎ ማለፍ ቡድኖች ውጭ መደረጉ ለክስ ካነሣሡት ምክንያቶች አንዱ ነበር። ሁለቱም የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ማኅበር አባላት ስላልሆኑ ለቢግ ቴን ፕሬዚዳንቶች አንድ ደረጃ ዝቅ ይላሉ። በተፈጥሯቸው የኤስ.ኢ.ሲ. ሰዎች ናቸው፤ ነገር ግን እዚያ ፍሎሪዳና ሳውዝ ካሮላይና አስቀድመው አሉ። በኬብል ዘመን ይህ ብቻውን በር ይዘጋ ነበር፤ ዛሬ አይዘጋም። የሚቀረው ጥያቄ ሌላ ነው። ፍሎሪዳ ስቴት ከፍሎሪዳ፣ ክሌምሰን ከሳውዝ ካሮላይና ጋር በየዓመቱ ስለሚጫወቱና በተለዋጭ ዓመት ጨዋታው በኤስ.ኢ.ሲ. ሜዳ ስለሚደረግ፣ ኮንፈረንሱ ከእነርሱ ትልቁን ጨዋታ በከፊል አሁንም እየሸጠው ነው። አዲስ የሚያገኘው ከአላባማ፣ ከጆርጂያ፣ ከሉዊዚያና ስቴትና ከቴነሲ ጋር የሚደረጉትን ነው። እነዚህ በእርግጥ ሚሊዮኖች የሚጠብቋቸው ጨዋታዎች ናቸው፤ የኤስ.ኢ.ሲ. ቡድኖች ከ2026 ጀምሮ በኮንፈረንሱ ውስጥ ዘጠኝ ጨዋታ የሚያደርጉ መሆናቸው ሲታሰብ ግን ሁለት ጠንካራ ቡድን መጨመር ለነባሮቹ ሁለት ተጨማሪ ሽንፈት ማለት ሊሆን ይችላል። በተመልካች ብቻ ከተመዘነ እኔ ሁለቱን ከቻፕል ሂል አስቀድማለሁ፤ ከሁለቱ ደግሞ የመንግሥትና የደጋፊ አቅም ባለበት ትልቅ ግዛት የሚገኘውን ፍሎሪዳ ስቴትን።

ማያሚ አምስት ብሔራዊ ዋንጫዎች ያሉት፣ በ2023 የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ማኅበርን የተቀላቀለ የግል ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ሆኖም የራሱ ስታዲየም የለውም፣ ከግቢው ርቆ በሚገኘው በሃርድ ሮክ ስታዲየም ይጫወታል፣ የተመራቂዎቹም ቁጥር ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ጋር አይወዳደርም። ለቢግ ቴን ወደ ፍሎሪዳ መግቢያ በር ሊሆን ይችላል።

ኮኔቲከት ሌላ ትምህርት ይሰጣል። በ2023 እና በ2024 በተከታታይ የወንዶች ቅርጫት ኳስ ሻምፒዮን የሆነው ይህ ዩኒቨርሲቲ ከቢግ ቱዌልቭ ጋር የጀመረው ንግግር በ2024 ያለ ውጤት ቆሟል። በፉትቦል ደካማ የሆነ ትምህርት ቤት በቅርጫት ኳስ የቱንም ያህል ቢገን በሙሉ ድርሻ የሚያስገባው ትልቅ ኮንፈረንስ ማግኘት ይቸግረዋል።

ለአነስተኛ ኮንፈረንሶች ሚዛኑ ይለያል

የቴሌቪዥን ገንዘቡ አነስተኛ በሆነበት የጉዞ ወጪ ትልቁን ድርሻ ይይዛል፤ ስለዚህ ቅርበትና ጥንታዊ ባላጋራነት ከስም ይቀድማሉ። እንደገና የተቋቋመው ፓክ ቱዌልቭ ያደረገው ምርጫ በዚህ መነጽር ሲታይ በአብዛኛው አስተዋይ ነው። በ2024 የጠራቸው ቦይሲ ስቴት፣ ኮሎራዶ ስቴት፣ ፍሬስኖ ስቴት፣ ሳን ዲዬጎ ስቴትና ዩታ ስቴት ሁሉም ማውንቴን ዌስት የተባለው ኮንፈረንስ አባላት የነበሩ የምዕራብ ትምህርት ቤቶች ናቸው፤ አባልነታቸው የሚጀምረውም ከጁላይ 2026 ነው። ከእነርሱ ትልቁ ትርፍ ቦይሲ ስቴት ነው፤ በ2024 የማውንቴን ዌስትን ዋንጫ ወስዶ በ12 ቡድኖች የጥሎ ማለፍ ውድድር ሦስተኛ ደረጃ ተሰጥቶት ነበር። የፉትቦል ቡድን የሌለው ጎንዛጋ የገባው ለቅርጫት ኳስ ሲሆን የሚገኝበት ስፖኬን ለዋሽንግተን ስቴት የአንድ ሰዓት ከምናምን መንገድ ነው።

ኮንፈረንሱ በመጀመሪያ ዓይኑን ጥሎ የነበረው ሜምፊስንና ቱሌንን በመሳሰሉ የምሥራቅ ቡድኖች ላይም ነበር፤ እነርሱ ግን በሴፕቴምበር 2024 ባሉበት እንደሚቆዩ አስታወቁ። ለፓክ ቱዌልቭ ይህ መከልከል የበጀው ይመስለኛል፤ ከሜምፊስ ኦሪገን ስቴት እስከሚገኝበት እስከ ኮርቫሊስ የሚደረግ የሥራ ቀን ጉዞ በትልልቆቹ ኮንፈረንሶች የታየውን ችግር በትንሽ ገንዘብ መድገም ይሆን ነበር። ነገር ግን በፉትቦል እንደ ኮንፈረንስ ለመታወቅ ስምንት አባላት ያስፈልጉ ስለነበር በ2025 ቴክሳስ ስቴት ስምንተኛ ሆኖ ተጨመረ። ቴክሳስ ስቴት ከሌሎቹ ሩቅ ነው፤ በስምም ገና አልታወቀም። በኦስቲንና በሳን አንቶኒዮ መካከል መገኘቱና አገሪቱ ብዙ ተጫዋቾች ከምታገኝበት ግዛት ምልመላ ለማድረግ በር መክፈቱ ርቀቱን ያካክስ እንደሆነ የሚታወቀው የመጀመሪያዎቹ ዓመታት የጉዞ ወጪና የተመልካች ቁጥር ጎን ለጎን ሲቀመጡ ነው።